የሰባተኛው ቀፎ እናቶች

ጥቅምት 6

ሚጢ፣ እህቴ፣

ጤናሽን የምጠይቅሽ ለወጉ ያህል አይደለም። ባለፈው ደብዳቤሽ ጥግ ላይ «ትንሽ አሞኝ ነበር» ብለሽ ጽፈሽ መልሰሽ ሰርዘሽዋል። የሰረዝሽውን የማላነብ መሰለሽ? መስኮቱ ላይ ለጥፌ፣ ፀሐይ አሳይቼ አነበብኩት። ምንሽን ነው ያመመሽ? ሰው የጻፈውን ከሰረዘ ነገሩ ትንሽ አይደለም ማለት ነው።

እኛ ደህና ነን። ድንቡሼም ደህና ናት። ቁመቷን ስለጠየቅሽኝ ግድግዳው ሥር አቁሜ በክር ለክቻት፣ ክሩን እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ጫማሽን አውልቂ ብላት እምቢ አለችኝ፤ ስለዚህ ከክሩ ታችኛ ጫፍ እስከ ቋጠሮው ድረስ ያለው የጫማዋ ተረከዝ ነው፣ እሱን አትቁጠሪው። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፣ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር። ፎቶ ያልላክሁልሽ ፎቶ አንሺው ሱቁን ዘግቶ ስለከረመ ነው።

«ስለ እኔ ትጠይቃለች ወይ?» ላልሽው፣ ደብዳቤሽ በመጣ ቁጥር ማን ጻፈው ብላ ትጠይቃለች፤ እኔም እነግራታለሁ።

«ከብዶሽ እንደሆነ አትደብቂኝ» ያልሽው ግን አናዶኛል። ባልሽ ሞቶ፣ ልጅሽ በስምንት ወሯ፣ «የንብ ምርምር ጣቢያው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው የሚፈልገኝ» ብለሽ ስታስታቅፊኝ ከበደኝ አልኩሽ? አንዱ ዓመት አምስት ሲሆንስ አልኩሽ? አራት ገጽ ጽፈሽ ሦስቱ ስለ ንብ ነው። እኔ እዚህ አባባ የተወልንን ሰባት ቀፎ አያለሁ፣ ማር አጣራለሁ፣ እሸጣለሁ፣ ልጅ አሳድጋለሁ። አንቺ የንብ ጀርባ ቀለም እየቀባሽ ደመወዝ ትበያለሽ። ቀናሽ እንዳትዪኝ። እሺ፣ ትንሽ ቀንቻለሁ።

የላክሽልኝ ንግሥት በሰላም ደርሳለች። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ የክብሪት ቀፎ የምታክለውን የእንጨት ሳጥን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይሄ ነገር ውስጡ ይንጫጫል» እያለ ሊወረውርብኝ ምንም አልቀረው። ንግሥቷም አጃቢዎቿም በሕይወት አሉ። ሳጥኗን ንግሥት ባጣው ሰባተኛው ቀፎ ውስጥ፣ ሰም በያዙ ሁለት የእንጨት ፍሬሞች መካከል አስገብቻታለሁ። ንቦቹ ቀዳዳው ላይ ያለውን የስኳር ሊጥ በልተው ራሳቸው እስኪያስወጧት ድረስ አልነካትም። «ከማስገባትሽ በፊት ውስጡን በደንብ አይተሻል ወይ?» ላልሽው፣ አይቻለሁ።

እህትሽ


ጥቅምት 16

እትዬ፣ እንደምን ከረማችሁልኝ?

ያመመኝ ጨጓራዬን ነው፤ አልፏል። ፀሐይ ላይ ይዘሽ ማንበብሽን ግን ከአባባ ነው የወረስሽው።

ክሩን አልጋዬ ላይ ዘረጋሁት። ከትራሱ ተነስቶ ብርድ ልብሱ እስከሚታጠፍበት ድረስ ደረሰ። አጠገቡ ጋደም ብዬ ስለካ ጎኔ ላይ ቆመ። ትቻት ስሄድ በአንድ ክንዴ ላይ ነበር የምታልቀው። ጥርሷ ሲወልቅ አንቺ እዚያ ነበርሽ፤ እኔ በፖስታ ሰማሁ። አንቺ በደመወዜ ከቀናሽ እኔ በምን እንደምቀና ልዘርዝርልሽ? ማታ ማታ ስታጥቢያት ውሃ ጠብ ሲልባት በምትሰሚው ሳቅ እቀናለሁ። ስታለብሻት በእጅጌው ውስጥ ፈልገሽ በምታወጪው እጇ እቀናለሁ።

አሁን ምሥራቹን ስሚ። ጣቢያው ቤት ሰጠኝ! ሁለት ክፍል ነው፤ ያንዱ ክፍል መስኮት ወደ ጠዋት ፀሐይ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ቤቱ የሚሰጠው ልጅ ላላቸው ነው። አለቃዬ «ልጅሽ የታለች?» ሲለኝ «በጥር ዕረፍት ትመጣለች» አልኩት። በጥር መጥቼ እወስዳታለሁ፣ እትዬ።

«አሁን ልጅ ማሳደጉን ከየት ትጀምሪዋለሽ?» ትዪኝ ይሆናል። ልመልስልሽ፣ በንብ ነው የምመልስልሽ፣ አትሳቂ። ሠራተኛ ንብ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ሥራ እንደማትሠራ አባባ ነግሮናል። ተፈልፍላ ቤት ታጸዳለች፣ ቀጥላ የሌላ እናት እጭ ትመግባለች፣ ከዚያ ሰም ትሠራለች፣ በር ትጠብቃለች፣ በመጨረሻ ሜዳ ትወጣለች። ሜዳ ከወጣች በኋላ ምግብ የሚያመነጨው ዕጢዋ ይደርቃል፤ ሞግዚትነቷ አበቃ ማለት ነው። አምና ከአንድ ቀፎ ሞግዚቶቹን በሙሉ አውጥተን ሜዳ የሚውሉትን ብቻ ተውን። በሳምንት ውስጥ የተወሰኑት ከሜዳ ቀርተው እጭ መመገብ ጀመሩ። በማጉያ መነጽር ሳያቸው የደረቀው ዕጢያቸው እንደገና ሞልቷል። ሥራዬን ትቼ አለቀስኩ፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ንብ የነደፈችኝ መስሎት ሽንኩርት አመጣልኝ።

ንግሥቷን ተቀበሏት? ባዶ ሳጥኗን መልሺልኝ፤ ያሉን ስምንት ብቻ ናቸው፣ የሚሰጡኝም በፊርማ ነው። ደብዳቤዎቼን ታነቢላታለሽ አይደል? ፊደል ከለየች ደግሞ ለእናቷ ሁለት መስመር የምትጽፈው መቼ ነው?

ታናሽሽ


ጥቅምት 27

ሚጢ፣

እንኳን ደስ ያለሽ። ይህን የጻፍኩት ከሁለት ቀን በፊት ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ንግሥትሽ ሞታለች። በአምስተኛው ቀን ስከፍት ንቦቹ ዙሪያዋን ተጠቅልለው እንደ ጡጫ ሆነው አገኘኋቸው። ጭስ ሰጥቼ በላባ በተንኳቸው፤ መሐል ላይ ነበረች፣ አልተንቀሳቀሰችም። አልወደዷትም፣ ምን ላድርግ? የሰው ቤት ንግሥት ናት። ሳጥኗ ይኸው፣ አልተሰበረችም፣ ፈርሚና መልሺ።

በጥር ያልሽው አይሆንም። አንደኛ፣ ሳል ይዟታል። ሁለተኛ፣ በትምህርት መሐል ልጅ አይነቀልም፤ አስተማሪዋ ራሷ ብትሰማ ትቆጣለች። ሦስተኛ፣ ድመቷ ወልዳለች፣ ድንቡሼም አራቱንም ግልገሎች ካልያዝኩ ብላ አውቶቡስ ውስጥ ጉድ ታፈላብሻለች። ደግሞ የእኔን ጆሮ ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም። የግራውን ነው የምትይዘው። እዚያ የማንን ጆሮ ልትይዝ ነው? የአለቃሽን?

ስለ ሞግዚቶቹ የጻፍሽውን አነበብኩ። ደስ ይላል። ከሜዳ የተመለሰችዋን አደነቅሽ፤ መጀመሪያውኑ ከእጩ ያልተለየችዋን ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንድ መስመር አልጻፍሽላትም።

መጻፉን በተመለከተ እጇ ገና አልጠናም። አታጣድፊያት።

እህትሽ


ኅዳር 5

እትዬ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

ሳጥኗን የከፈትኳት ላጥባት ነበር። ንግሥቷ በነበረችበት ጉድጓድ ውስጥ ስምንት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ከደብተር የተቀደደ ነው፣ እርሳሱ ወረቀቱን በስቶታል። እንዳለ እገለብጥልሻለሁ፤

«ለአክስቴ ደብዳቤ። ንግሥቷ ሞተች። እማዬ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ሌላ ላኪ። ክሩን መልሺ የእማዬ ነው። ድመት አለኝ አራት። ድንቡሼ።»

እጇ ጠንቷል፣ እትዬ። አንድም ፊደል አልሳተችም።

አክስቴ ደብዳቤ! እና አምስት ዓመት ሙሉ ስሜ ይህ ኖሯል? «ማን ጻፈው ብላ ትጠይቃለች፤ እኔም እነግራታለሁ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። መልሼ አየሁት። ምን ብለሽ እንደምትነግሪያት አልጻፍሽም። ውሸት እንኳ አልዋሸሽኝም፤ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ እውነቱን በግማሽ ሰጠሽኝ። ፎቶውም ገባኝ። ከጀርባው እሷ ልትጽፍበት ትችል ነበር አይደል?

የሰባተኛው ቀፎም ነገር ገባኝ። ስትከፍቺው በአንድ የሰም ጉድጓድ ሁለት ሦስት እንቁላል ተጥሎ አይተሻል። ንግሥት አጥቶ ከወር በላይ የከረመ ቀፎ ውስጥ ሠራተኞቹ ራሳቸው እንቁላል መጣል እንደሚጀምሩ ሳታውቂ ቀርተሽ አይደለም፤ እኔንም አንቺንም ያስተማረን አባባ ነው። እናት ያለቻቸው ይመስላቸዋል። እውነተኛዋ ስትመጣ ይገድሏታል። የሚጥሉት እንቁላል ደግሞ ድንጉላ፣ ወንድ ንብ፣ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ድንጉላ እጭ አይመግብ፣ ሜዳ ወጥቶ አይቀስም፤ ቀፎው እየሳሳ ያልቃል። ይህን እየጻፍኩ ስለ ንብ ብቻ እያወራሁ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ እኔም አውቃለሁ፤ አልሰርዘውም።

ንቦቹ ግን ምን አጠፉ? ከጤነኛ ቀፎ እንቁላልና ገና ያልተከደነ እጭ ያለበትን ፍሬም በየሳምንቱ አንድ፣ ለሦስት ሳምንት ስጪያቸው። የእጭ ሽታ ሲያገኙ መጣሉን ያቆማሉ። ከዚያ ንግሥት ራሳቸው ያሳድጋሉ።

ጥር 18 እመጣለሁ። ከመምጣቴ በፊት አንቺው ንገሪያት። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ስወርድ ማን እንደሆንኩ እንድታውቅ እፈልጋለሁ።


ኅዳር 14

ሚጢ፣

ሦስት ቀን ደብዳቤሽን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። ማር ልትገዛ የመጣች ሴት ሒሳብ ተሳስቼ መለስኩላት፣ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ሠራተኛ ሆነሽ ንግሥት መስለሽ ኖርሽ ተብዬ ተሰድቤ ነው ልበላት?

ልክ ነሽ፤ ስለ ቀፎው ልክ ነሽ። በአንዱ ጉድጓድ አራትም አይቻለሁ። አምስት ሳምንት ሳልከፍተው ከርሜ ነው። ለምን አትዪኝም? ድንቡሼን ኩፍኝ ይዟት ነበር፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ። አሥራ አንድ ቀን ከአልጋዋ ሥር አልተነሳሁም፤ ከዚያ በኋላም ዓይኗ ብርሃን እየፈራ ከአጠገቤ አልርቅ አለች። ንቡን ማን ያስበው? አልጻፍኩልሽም። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ልልሽ ነበር፣ ወረቀቱ ላይም አስፍሬው ነበር፣ ቀድጄ ጣልኩት። እውነቱን ልንገርሽ፤ ብጽፍልሽ ትመጪ ነበር። ስትድን ዓይኗን ስትገልጥ ከፊቷ እኔ ብቻ እንድሆን ፈለግሁ። ይኸው፣ አነበብሽው።

እንዴት እንደተጀመረ ስሚኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ገበያ ላይ አዝያት ቆሜ፣ አንዲት ሴት «ማናት ያዘለችሽ?» ብላ ጉንጯን ነካ አደረገቻት። «እማ» አለች። ያስተማራት ሰው የለም፤ ከሰፈር ልጆች ሰምታ ነው። አክስትሽ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ሴትየዋ «ቁርጥ አንቺን!» አለች፣ አፌ ተዘጋ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገው አራት ዓመት ሆነ። ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ «ማን ነው?» ስትለኝ «አክስትሽ» አልኳት፤ አክስት የሚለው ቃል አንዳችን ላይ መውደቅ ነበረበት፣ አንቺ ደግሞ ሩቅ ነበርሽ።

እቀናብሻለሁ፣ ሚጢ። በደመወዝሽ አይደለም፤ ያ ቀልድ ነው። አንቺ በአንድ ዓመት ትዳር ያገኘሽውን እኔ በዘጠኝ ዓመት አላገኘሁትም፤ ባሌም ጓዙን ጠቅልሎ የሄደው በዚሁ ነው። ስታስታቅፊኝ እያለቀስሽ ነበር፤ እኔ ከኋላሽ በሩን ዘግቼ ደስ አለኝ። እህቱ መበለት ሆና ልጇን ትታ ስትሄድ ደስ የሚለው ሰው ምን ይባላል? እኔ ነኝ።

የመጀመሪያውን ፍሬም ሰጥቻቸዋለሁ። ለእሷም እነግራታለሁ። ከጥር 18 በፊት እነግራታለሁ፣ በዚህ እመኚኝ።

እህትሽ


የካቲት 1

እትዬ፣

በሰላም ገብቻለሁ።

አልነገርሻትም። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም በመስኮት አየኋችሁ። አንቺ የጫማሽን ጫፍ ትመለከቺ ነበር፤ ያኔ ገባኝ። እሷ ሕዝቡን እየሰነጠቀች መጥታ «አክስቴ ደብዳቤ መጣች!» ብላ እግሬን አቀፈችው። ከዚያ እጆቼን አገላብጣ አየች። «ዛሬ ደብዳቤ የለም?» አለችኝ። የለም አልኳት። «አንቺ ራስሽ ከመጣሽ ምን ያደርጋል» ብላ ራሷን አጽናናች። ሦስት ጊዜ ልነግራት ተነሳሁ። አንዴ ጫማዋን ሳስርላት፣ አንዴ ግልገሎቹን ስታሳየኝ፣ አንዴ ደግሞ ተኝታ።

በስድስተኛው ቀን ንብ ነደፈቻት። አንቺ ከቀፎዎቹ ወዲያ ነበርሽ፣ እኔ ከእሷ ሦስት እርምጃ ላይ ነበርኩ። እጄን ዘርግቼ ተንበረከክሁ። በክንዴ ሥር ሾልካ ወደ አንቺ ሮጠች። መርፌውን በጥፍርሽ ፍቀሽ ስታወጪላት፣ እሷ በሌላ እጇ የግራ ጆሮሽን ይዛ ነበር። እኔ ስለ ንብ መርፌ አሥራ ሁለት ገጽ የታተመ ጽሑፍ አለኝ፣ እትዬ። እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ፤ ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋ «የወደቀብሽ ነገር አለ?» ብላ አብራኝ መሬቱን ትፈልግ ጀመር። ቅናት አንጀትን ያቃጥላል ሲባል የምሰማው እንደ አነጋገር ነበር።

ዘጠኝ ቀን ብዬ በሰባተኛው የሄድኩት ከጣቢያው ስለተጠራሁ አይደለም። ዋሽቻለሁ። ሳልነግራት የቀረሁትም ደግ ሆኜ አይደለም። ፈርቼ ነው። እናትሽ ነኝ ብያት፣ ሰምታኝ፣ ገብቷት፣ ከዚያም ወደ አንቺ ብትሮጥስ?

ሰባተኛው ቀፎ ያሳደጋትን ንግሥት አይቻታለሁ። ረዥም ናት፣ በሥርዓት በየጉድጓዱ አንድ አንድ እየጣለች ነው። ከላክሁልሽ ትበልጣለች። በእሷም ቀናሁ።

የቤቱን ቁልፍ በወሩ መጨረሻ እመልሳለሁ፤ ሦስት ልጅ ያለው ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነው። ከእንግዲህ ለድንቡሼ አልጽፍም። እናቷ መሆን ካልቻልኩ አክስቷ መሆን አልችልም። ደብዳቤ ለምን ቀረ ብላ ከጠየቀችሽ፣ መልስ መፈለግ ታውቂበታለሽ።

ሚጢ


የካቲት 12

እህቴ፣

ነገርኳት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሯን ልሠራት ደጃፍ ላይ በጉልበቶቼ መሐል አስቀመጥኳት። ፊቷን ላለማየት ነው እንዲህ ያደረግሁት፤ እሷም የእኔን እንዳታይ። ግማሹን ሠርቼ ስጨርስ «የወለድኩሽ እኔ አይደለሁም» አልኳት። «አክስቴ ደብዳቤ የምትያት እሷ ናት የወለደችሽ። እኔ የእሷ እህት ነኝ። ያሳደግሁሽ ግን እኔ ነኝ።» የመጨረሻውን ልጨምረው አላሰብኩም ነበር፣ አመለጠኝ።

ማበጠሪያው ፀጉሯ ላይ ቆመ። ያኔ ያልተሠራውን ግማሽ እያየሁ፣ አሁን ብድግ ብላ ብትሄድ እንዲህ ግማሽ ፀጉሯ ተበትኖ ልትሄድ ነው እያልኩ ነበር የማስበው። የሰው ሐሳብ ሞኝ ነው።

«መቼ?» አለች።

«ድሮ፣ ትንሽዬ ሆነሽ።»

«ከድመቷ ግልገል አንስ ነበር?»

«ትንሽ ትበልጪ ነበር።»

ታለቅሳለች ብዬ መሃረቤን አወጣሁ፤ ያለቀስኩበት እኔ ነኝ። እሷ ዞር ብላ፣ አፌን አፌን እያየች፣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«እሷስ ታውቃለች?»

«ማን?»

«አክስቴ ደብዳቤ። እንደወለደችኝ ታውቃለች?»

ታውቃለች አልኳት።

«ታዲያ ካወቀች ለምን ዝም ብላ ሄደች?»

ሚጢ፣ መልስ መፈለግ ታውቂበታለሽ ያልሽው እውነት ነው። ምላሴ ላይ ሁለት ሦስት ነበሩልኝ። ሥራ በዝቶባት ነው፤ አንቺ እንዳትደነግጪ ብላ ነው፤ እኔ ከልክያት ነው። የመጨረሻው በግማሽ እውነትም ነው። አንዱንም አላልኳትም። አምስት ዓመት በአንቺ ቦታ ሆኜ ስመልስላት ኖሬያለሁ። «እሷን ጠይቂያት» አልኳት። «በደብዳቤ?» አለችኝ። «በአካል» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ እኔን የምትጠራበት ጠፍቷት ልብሴን እየጎተተች ነው የምታናግረኝ። ትናንት ከደጅ ስትገባ «እማዬ» ብላ ጀመረችና መሐል ላይ አቆመችው፣ ከዚያ እጇን ታጠበች። አይዞሽ በዪኝ ልልሽ አይደለም የምጽፍልሽ፤ እንድታውቂው ነው።

ቁልፉን እንዳትመልሺ። ሦስት ልጅ ላለው ሰውዬ ይቅርታ ጠይቂልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይዣት እመጣለሁ። ቀፎዎቹን ልብስ ሰፊዋ ከሩቅ ታይልኛለች፤ ድመቶቹንም ለእሷ ለምኜ ሰጥቻለሁ፣ ከአንዱ በቀር። አንዱ አብሮን ይመጣል፣ ስለዚህ አለቃሽን ከወዲሁ አስፈቅጂ።

መንገዱን ሙሉ ጥያቄዋን እየደገመች ትመጣለች፤ ከአሁኑ ጀምራዋለች። ስትወርድ ትጠይቅሻለች። አትዋሺያት፤ ፈርቼ ነው በያት፣ ልክ ለእኔ እንደጻፍሽው። ያኔ እኔ ዕቃ አወርዳለሁ ብዬ ከአውቶቡሱ ጀርባ እቆያለሁ። ወደ አንቺ ስትሮጥ ማየቱን ገና አልቻልኩትም።

እህትሽ